ሜዳው ከአሥር ሰዓት በኋላ የማን ነው?

አርብ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

አይስላንድ ትናንት ማታ ከሴቶች አውሮፓ ዋንጫ ተሰናበተች። እርግጥ ነው፣ መውደቋ ከጨዋታው በፊትም ታውቆ ነበር። መጀመሪያ በፊንላንድ 1 ለ 0፣ ቀጥሎ በአዘጋጇ ስዊዘርላንድ 2 ለ 0 ተሸንፋለች። ከኖርዌይ ጋር የቀራት ጨዋታ ለክብር ብቻ ነበር። ያም ሆኖ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ፤ ኔትወርኩም መጣሁ ሄድኩ እያለ አስቸገረኝ። ጎሎቹን ያየኋቸው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ስልኬ ላይ።

ስቬንዲስ ጄን ዮንስዶቲር ገና በ6ኛው ደቂቃ አገባች። ከዚያ ኖርዌዮቹ አራት አከታተሉባቸው። 4 ለ 1። የወደቀ ቡድን በዚህ ሰዓት እጅ ቢሰጥ ማንም አይፈርድበትም። እነሱ ግን መሮጣቸውን አላቆሙም። ህሊን ኤሪክስዶቲር አንድ መለሰች። በጭማሪው ሰዓት ደግሞ አምበሏ ግሎዲስ ፔርላ ቪጎስዶቲር ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረች። 4 ለ 3 አለቀ። ግሎዲስ በፊንላንዱ ጨዋታ ሆዷን አሟት በእረፍት ሰዓት ተቀይራ የወጣች ናት። አንጀቴን በሉት።

ባልደረቦቼ «ከየት አምጥተሽ ነው አይስላንድን የያዝሽው?» ይሉኛል። እኔ እዚህ ከተማ የስፖርት መምህርት ነኝ። ያለሁት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከሚማሩ ልጆች ጋር ነው። እነዚህን ሴቶች ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት በ2022ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነው፤ ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፈው። ከቤልጂየም 1 ለ 1፣ ከጣሊያን 1 ለ 1፣ ከፈረንሳይ 1 ለ 1። አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ከምድብ ወደቁ። ያኔ ተናድጄ ስለ አገሪቱ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቡ ነው እስከዛሬ ያልለቀቀኝ።

የአይስላንድ ሕዝብ 400 ሺህ አይሞላም። በእኛው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ምዕራብ ጎጃምም እንደዚያው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አላመኑኝም። «ታዲያ ተጫዋቾቹን ከየት ነው የሚያመጧቸው?» አለችኝ አንዷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ስመላለስበት ነው የከረምኩት።

ሴቶቹ ትልቅ ውድድር ላይ የደረሱት ከወንዶቹ ቀድመው ነው። ወንዶቹ እንግሊዝን ጥለው ዓለምን ያስደነቁት በ2016 ነው። ሴቶቹ ግን በ2009 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንዱም አላመለጣቸውም። በ2013 ሩብ ፍጻሜ ገብተዋል። ባለፈው ዓመት ክረምት ደግሞ ጀርመንን ሬይካቪክ ላይ 3 ለ 0 ረትተው ነው የዘንድሮውን ትኬት የቆረጡት። ጀርመን ማለት ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደች አገር ናት።

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው «ገንዘብ አላቸዋ!» ነው። አዎ፣ አላቸው። ክረምታቸው ጨለማና ነፋስ ስለሆነ ጣሪያ ያለው ሜዳ ሠሩ። ሙሉ የኳስ ሜዳ የሚይዘው የመጀመሪያው አዳራሽ በ2000 ኬፍላቪክ ላይ ተከፈተ። ስቬንዲስ የዚያች ከተማ ልጅ ናት፤ ኳስንም የጀመረችው በከተማዋ ክለብ ነው። ትንንሽ ሴቶችን የሚያሠለጥነውም ሰው ፈቃድ ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ከሠለጠነ ሰው እጅ ትገባለች። ይህን ሳነብ ቅናት እንደያዘኝ አልደብቅም። እኛ አሁን ሐምሌ ላይ ነን፤ ሜዳችን ጭቃ ነው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል። የጮቄ ብርድም አለ። እስከ መስከረም እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ የለም።

ግን በጋውስ? ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሜዳው ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጣሪያም አያስፈልገንም። ታዲያ ለምን ሴቶቹ ሜዳ ላይ አይታዩም?

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። በኮንጎ ጫማ ትጫወታለች። ኳስ ስትቀበል ኳሱን አታይም፤ ዓይኗ ቀድሞ የምታቀብላትን ልጅ ነው የሚፈልገው። ይህን ማንም አላስተማራትም። የስቬንዲስን የእጅ ውርወራ በስልኬ አሳይቻቸው ነበር። እጇ ኳሱን ከመስመር ዳር እንደ ማዕዘን ምት ጎል አፍ ላይ ይጥለዋል። እናቷ ጋናዊት እንደሆነች ስነግራቸው ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በነጋታው ይህቺ ልጅ ከእረፍት በፊት መጥታ ለብቻዋ ስትወረውር አገኘኋት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወገቧን ለጠጥ፣ እግሯን ከመሬት ሳታነሳ። ኳሱ የሄደው ሩቅ አልነበረም። አወራወሯ ግን ትክክል ነበር።

ከትምህርት በኋላ ካለው ልምምድ በተከታታይ ስትቀር ቤቷ ሄድኩ። እናትየው ምጣድ ላይ ናቸው። እንጀራ ለሽያጭ ነው የሚጋግሩት። ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ አክንባሎውን ከፍተው ከደኑና አነጋገሩኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ኳሱን ጠልቸ አይደለም» አሉኝ። «ቦኖው ውሃ የሚለቀቀው በአሥር ሰዓት ነው። እሷ ሂዳ ተራ ካልያዘች ማን ይያዝልኝ? ይኸው ሊጡ ይጠብቀኛል።»

«ወንድሟስ፣ እናቴ?»

«እሱማ ኳስ ሂዷል።»

አባባላቸው ላይ ምሬት የለም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እናትየዋን አልወቅሳቸውም። ከንጋት ጀምሮ እሳት ላይ የዋሉ ሰው ናቸው፣ ልጃቸው ባትረዳቸው ቤቱ አይቆምም። ወንድምየውንም በክፉ አላየውም። ኳስ ይወዳል፣ ደግ ልጅ ነው። ውሃ የመቅዳት ተራ የእሱም ሊሆን ይችላል ብሎ የነገረው ሰው ግን የለም።

አይስላንዶች የኳስ አዳራሽ ከመሥራታቸው ሃያ አምስት ዓመት በፊት ሌላ ነገር ሆኗል። በ1975፣ ጥቅምት ወር ውስጥ፣ የአገሪቱ ሴቶች አንድ ቀን ሥራ አቆሙ። የቢሮውንም የቤቱንም። 90 በመቶ የሚሆኑት እንደተሳተፉ ይነገራል። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። በየሱቁ ቶሎ የሚበስል ቋሊማ ተሸምቶ አለቀ። በአምስተኛው ዓመት አገሪቱ በምርጫ ሴት ፕሬዚዳንት አገኘች። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናቸው የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በቀጣዩ ዓመት ነው፣ በ1981፣ ከስኮትላንድ ጋር። አንዱ ሌላውን ወለደ ብዬ በድፍረት አልናገርም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ሳየው ለእኔ ይገባኛል። ሴት ልጅ ኳስ እንድትጫወት መጀመሪያ አንድ ሰዓት ከእጇ ላይ መነሳት አለበት። ያንን ሰዓት ሌላ ሰው መሸከም አለበት።

ከሁሉም የሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ነገር ይገርመኛል። የእነ ግሎዲስ አምበል ነበረች። ፈረንሳይ ውስጥ ለሊዮን ስትጫወት በ2020 የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ጎል አስቆጥራለች። ነፍሰ ጡር ስትሆን ክለቧ ደመወዟን አጎደለባት። ሌላ ሰው ቢሆን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ጉዳዩን ፊፋ ዘንድ ከሰሰችና ረታች። ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፈላት ተወሰነ። በ2021 መጨረሻ ወልዳ በ2022ቱ ዋንጫ ሜዳ ላይ ነበረች። እዚህ አንዲት ተጫዋች ባል አገባች ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስሟ ከዝርዝሩ ይፋቃል፣ የሚጠይቅም የለም።

የእኛ ሉሲዎች፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ደካሞች አይደሉም። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከአፍሪካ አራተኛ ወጥተዋል። በ2012 ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ቀርበዋል። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ዘንድሮ የካቲት ላይ ካምፓላ ተሸንፈው፣ አዲስ አበባ ላይ ውጤቱን መልሰው፣ በመለያ ምት በዩጋንዳ ወደቁ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ደርሳለች፤ ከቢርኪርካራ ጋር የሊግ ዋንጫ አንስታለች። ማልታም እንደ አይስላንድ ትንሽ አገር ናት። አንድ ሎዛ ስትገኝ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ቦኖ ላይ ተሰልፈው የቀሩትን ሎዛዎች የሚቆጥር የለም። ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ይህ ነው።

ወንድምየው ስምንተኛ ክፍል ነው፣ እኔው አስተምረዋለሁ። ጠርቼ አናገርኩት። እህትህ ከአንተ የተሻለ ኳስ ታያለች አልኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ጀሪካኑን እኔ እወስደዋለሁ» አለኝ። አንዳንዴ ይቀራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቃሉን ጠብቋል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። ኋላ ላይ ሌላም አንድ ወንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷም ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። እናትየው ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ሌሊት በእንቅልፏም ትራገጣለች» ብለው አሳቁኝ።

ነገ የሰኔ ጾም ይፈታል። ከበዓሉ በኋላ ለርእሰ መምህሩ የማስገባውን ደብዳቤ ዛሬ ጀምሬዋለሁ። የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ታኬታም ማልያም አልጠየቅኩም። ሜዳው ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ በፕሮግራም ላይ ተጽፎ ለሴቶቹ ይሰጠን ነው የምለው። ካልተጻፈ ሁልጊዜ ወንዶቹ ቀድመው ይገቡበታል፤ «ዛሬ ብቻ» እያሉ ዓመቱ ያልቃል። የወንዶቹን ቡድን የሚያሠለጥነውን ባልደረባዬን አስቀድሜ አማክሬዋለሁ። «ማክሰኞን ውሰጅ፣ ሐሙስን ግን እንነጋገርበት» ብሎኛል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ጽፌአለሁ።