አዲሱ ጎማ ነዳጅ በላብኝ

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ባለ ትንሽ ጎማ ቤት ነው። ባለቤቱ ሐበሻ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቻችንም ሐበሾች ናቸው፤ ብዙዎቹ ኡበርና ሊፍት ይሠራሉ። መኪናቸው ካምሪ ነው፣ ኮሮላ ነው፣ ፕሪየስ ነው። ቀኑን ሙሉ ዳለስና ሬገን ኤርፖርት መሃል ሲመላለሱ ይውላሉ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆነው ኦል ሲዝን ቱሪንግ የሚባለው ጎማ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቶሎ የማይበላ፣ ዝናቡንም ትንሽ በረዶውንም የሚችል።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው። ሹፌር ጎማ የሚመርጠው ሌላ ሹፌር ጠይቆ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ አንዱ "እሱን ጎማ እንዳትነካው" ካለ አለቀ። እዚያ ስሙ የጠፋ ጎማ እኛ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ለዚህ ነው ባለቤቱ ከደንበኛ ቅሬታ ይልቅ የኤርፖርቱን ወሬ የሚፈራው።

ታንክስጊቪንግ ሰሞን ሰው ሁሉ በረዶ ሳይመጣ ልቀይር ብሎ ይጎርፋል። በዚያ ግርግር መሃል ለአንድ ዕድሜያቸው ስልሳን ለዘለለ ደንበኛችን አራት አዲስ ጎማ ገጠምን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪናቸው ሃይብሪድ ካምሪ ነው። በዚያው ሳምንት ያንኑ ሞዴል ለአንዲት ነርስ ኮሮላ ገጠምን። ልኩ ይለያያል እንጂ ጎማው አንድ ነው።

ገና ሳይደርስ ሁለቱም ተመለሱ። ነርሷ የመጣችው ልታመሰግን ነው። "መኪናዬ ሌላ መኪና ሆነ፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም" አለች። ለእህቷም መኪና ያንኑ አዘዘች።

ጋሼ ግን ሞተር ሳያጠፉ ነው የወረዱት። ስልካቸውን አውጥተው የዳሽቦርዱን ፎቶ ፊቴ ላይ ደቀኑት። "በፊት በጋሎን 51 ማይል ነበር። አሁን 47! ጎማ ነው የሸጣችሁልኝ ወይስ ነዳጅ ጠጪ?"

ባለቤቱ ካልኩሌተር አወጣ። በ60,000 ማይል ሲመታው ልዩነቱ 100 ጋሎን ሆነ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄን ጎማ እናቁመው፣ ሌላ እናምጣ" አለኝ በጆሮዬ።

ዋናው ቴክኒሻናችን የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። አማርኛ ከሰላምታና ከ"ቡና አለ?" አያልፍም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስለ ጎማ ሲናደድ በየትኛውም ቋንቋ ይገባዋል። ምንም ሳይናገር ወደ ቢሮ ገባና ሁለት የሥራ ወረቀት ይዞ ወጣ። እኛ ቤት አሮጌ ጎማ ከመፍታታችን በፊት የጥርሱን ጥልቀትና የነፋሱን ልክ ወረቀቱ ላይ እንጽፋለን። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ቢሮክራሲ እናየው ነበር።

የጋሼ ወረቀት እንዲህ ይላል፤ ጥልቀት አራቱም 3/32 ኢንች፣ ነፋስ አራቱም 42 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። አዲስ ቱሪንግ ጎማ ብዙውን ጊዜ 10/32 ወይም ለዚያ የተጠጋ ጥርስ ይዞ ነው የሚመጣው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ2/32 በታች ከወረደ የዓመቱን ኢንስፔክሽን አያልፍም። ጋሼ እንግዲህ ጫፍ ላይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ 42 ማን ነው የሞላልዎት?" አልኳቸው።

"እኔ ነኛ! ነዳጅ ይቆጥባል።"

ልክ ናቸው፣ ይቆጥባል። የሹፌር በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 35 ነው የሚለው። እኛም አዲሱን ስንገጥም 35 ሞላን። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ መረጃ ነፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲጎድል የነዳጅ አጠቃቀሙ በ0.2 በመቶ ገደማ ይባባሳል ይላል። በ7 ፒኤስአይ ወደ 1.4 በመቶ ይጠጋል። በ42 የሚነዳ ሰው ደግሞ ጎማው መሃል መሃሉን ይበላል፤ ፍሬን ሲይዝም መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ያንን ለጋሼ ለማስረዳት የሞከርኩት በከንቱ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር መጣ። ኦዶሜትሩ ማይል የሚቆጥረው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ አይቶ ነው። ጎማ ሲበላ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ለአንድ ማይል ብዙ ጊዜ ይዞራል። የጋሼ ጎማ ልኩ 205/65 ባለ 16 ነው። አዲስ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር 673 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ10/32 ወደ 3/32 ሲወርድ በየጎኑ አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል፣ በአጠቃላይ 11 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ከ1.6 በመቶ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ 51 ውስጥ አንድ ማይል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር ድሮም አልነበረም። መኪናው ያልሄደውን ነበር የቆጠረው።

የቀረው የላስቲኩ ጣጣ ነው። ወፍራም ጥርስ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ ይመለሳል፣ ይሞቃል። ያ ሙቀት ከነዳጅ ነው የሚመጣው። የተላጨ ጎማ የሚጨፈለቅ ነገር ስለሌለው በቀላሉ ይንከባለላል። ጎማ በዕድሜው ነዳጅ በጣም የሚቆጥበው ሊጣል በደረሰበት ሰሞን ነው፤ በዝናብ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ መሪ የሚነጥቅህም ያኔ ነው። በዚያ ላይ ዲሴምበር ገብቷል። ሃይብሪድ ብርድ ላይ ተሳፋሪውን ለማሞቅ ብሎ ሞተሩን ደጋግሞ ያስነሳል። ጋሼ ያነጻጸሩት የጥቅምት ሙቀትን፣ 42 ነፋስንና የተላጨ ጎማን ከዲሴምበር ብርድ፣ ከ35 ነፋስና ከአዲስ ጎማ ጋር ነው። ጎማው ከአራቱ ተከሳሾች አንዱ ብቻ ነበር።

የነርሷ ወረቀትስ? ጥልቀት 5/32፣ ከሥሩ "ወጣ ገባ፣ ሮቴሽን የለም" ይላል። አሮጌ ጎማ የሚወስደው መኪና ገና ስላልመጣ ጎማዎቿ ጓሮ ነበሩ። ቴክኒሻኑ አንዱን እያንከባለለ አመጣና የባለቤቱን እጅ ይዞ በጥርሱ ላይ አስዳበሰው። ወደ አንድ አቅጣጫ መዳፍህ ይንሸራተታል። ወደ ሌላው ስትመልሰው እያንዳንዱ የጥርስ ጫፍ ጣትህን ይይዛል፣ ይቧጥጣል። ከፊት ወደ ኋላ ሳይቀያየር ብዙ የሄደ ጎማ እንዲህ ይሆናል። እያንዳንዱ ጫፍ አስፋልት በነካ ቁጥር ይጮኻል፣ ሰውም ቤሪንግ ሄደ ብሎ ጋራዥ ይሮጣል። እሷ ከዚህ ወርዳ በየትኛውም አዲስ ጎማ ላይ ብትወጣ ዝምታ ትሰማ ነበር። በጣም ርካሹን ብንገጥምላትም ታመሰግነን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ አንዷ አሞገሰች፣ አንዱ ከሰሱ። ስለ አዲሱ ጎማ ግን ሁለቱም ምንም አልነገሩንም። የነገሩን ስላወለቁት ጎማ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካለው የጎማ አስተያየት አብዛኛውም የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። በተገጠመ በሳምንቱ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው የሞተውን ጎማ እየቀበረ ነው።

ባለቤቱ ግን ልቡ አልረጋም። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ተመሳሳይ ጎማ በጥቂት ዶላር ቅናሽ ቀርቦለት ነበርና የትኛውን እናስቀምጥ የሚለውን መቁረጥ ፈለገ። የራሱ ካምሪ ስላለው ሁለቱንም ዓይነት በየቸርኬው አስገጥሞ እያቀያየረ መቶዎች ማይል ነዳባቸው። አዲስ ጎማ ከቅርጹ ሲወጣ እንዳይጣበቅ የሚቀባው ነገር ላዩ ላይ ይቀራል፤ ያ ተፍቆ ሳይወጣ የሚሰጥ ፍርድ ፍርድ አይደለም። ከዚያ አንድ ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት እሑድ ጋሼን ጠራቸው። "እርስዎ ይንዱና ይፍረዱ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አንነግርዎትም" አላቸው። ጋሼ መፍረድ ይወዳሉ። በደቂቃ ደረሱ።

መንገዱ ከሱቃችን በ395 አውራ ጎዳና እስከ ስፕሪንግፊልድ፣ ከዚያ መልስ። ነፋሱ በሁሉም 35፣ ጎማው ሳይሞቅ የተለካ። እሳቸው ቢሮ ቡና ሲጠጡ እኛ እንቀያይራለን። ከውስጥ በኩል በጠመኔ ምልክት አድርገናል። የመጀመሪያውን ነዱና "ጥሩ ነው፣ ግን ይጮኻል" አሉ። ሁለተኛውን ነዱ። "ይሄ ለስለስ ይላል።" ባለቤቱ ርካሹ አሸነፈ ብሎ ደስ አለው። ቴክኒሻኑ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሦስተኛ ዙር አለ። ሦስተኛውን ሲነዱ ጋሼ መስኮቱን ከፍተው እየሳቁ ነው የገቡት። "ይሄ ነው ጎማ! ይሄ ከሁለቱም ይበልጣል። ስንት ነው?"

ሦስተኛው የመጀመሪያው ነበር።

አላመኑም። ጎንበስ ብለው የጠመኔውን ምልክት ካላየሁ አሉ። አየን፣ ያው ነው። ምን ተለወጠ? ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር በመጀመሪያው ዙር አስፋልቱ እርጥብ ነበር፤ እርጥብ መንገድ "ሽ" የሚለው ድምፁ ብቻውን ጆሮ ይሞላል። በሁለተኛው ግማሹ ደርቋል። በሦስተኛው ፀሐይ ወጥታለች። ጋሼ ሲፈርዱ የዋሉት በሰማዩ ላይ ነው። ወደ መጀመሪያው ባንመለስ ኖሮ ያንን ሁሉ ለሁለተኛው ጎማ ሰጥተን፣ እሱን ጭነን፣ ዓመቱን ሙሉ "ዝምተኛ ነው" እያልን እንሸጠው ነበር።

ይሄ የቴክኒሻናችን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ጎማው ጎን ላይ 700 ወይም 800 ተብሎ የሚጻፈው የትሬድዌር ቁጥር (ጎማው መበላትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየው) የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጀሎ አካባቢ 400 ማይል የሚሆን ዙሪያ መንገድ አለ። ጎማዎቹ በመኪና አጀብ 7,200 ማይል ይነዱበታል፣ ከእነሱም ጋር አንድ የማነጻጸሪያ ጎማ አብሮ ይሄዳል። ፀሐዩም ዝናቡም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። የሚታየው ጎማው ምን ያህል እንደተበላ ብቻ ሳይሆን ከዚያኛው አንጻር ምን ያህል እንደተበላ ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩን ጎማው ላይ የሚጽፈው ራሱ ፋብሪካው ነው፣ ካገኘውም አሳንሶ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ 800 ከሌላው 700 በርግጥ ይበልጣል ብዬ ገንዘቤን አላስይዝም። በአንድ ፋብሪካ ሁለት ጎማዎች መሃል ግን ቁጥሩ ይጠቅመኛል።

ከጎኑ ያለው ፊደልም እንዲሁ ነው። የትራክሽን ደረጃው የሚለካው እርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን፣ ግማሹ ተበልቶ ምን እንደሚሆን አይነግርህም። ኤም እና ኤስ (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚሉት ፊደላት የጥርሱን ቅርጽ እንጂ የተፈተነ ነገር አይናገሩም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ምልክት ካለ ግን ያ ጎማ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ተወዳድሮ አልፏል። እሱም ተነስቶ በመጎተት ነው፤ በመቆም አይደለም። ገና ጎህ ሳይቀድ ከሜሪላንድ ተነስቶ ዳለስ ለሚደርስ ሰው ምልክቱ ያለበትን እመክራለሁ። በረዶ ሲወርድ ቤቱ ተኝቶ ለሚውል ሰው ተጨማሪውን ብር አላስከፍለውም።

ባለቤቱ በመጨረሻ ሁለቱንም አስቀመጠ። በጆሮም በመሪም የሚያለያይ ነገር አላገኘንባቸውም፤ የቀረው ዋጋና ዋራንቲ ነው። የሥራ ወረቀታችን ላይ ግን አንድ መስመር ጨመርን፤ ደንበኛው በየት መንገድ፣ በምን ያህል ነፋስ ሲነዳ እንደነበረ። ስለ አዲሱ ጎማ አስተያየት ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ያንን ነው የምናወጣው። ጎማ ምረጥልኝ የሚለኝንም ያወለቀውን ሳላይ አልመልስለትም። መሃሉ ከተበላ ስለ ነፋስ እናወራለን። ውስጥ ጠርዙ ብቻ ከተበላ አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ሳያሠራ ባለ 80,000 ማይል ዋራንቲ ብሸጥለት ገንዘቡን መንገድ ላይ ነው የሚበትነው።

ጋሼን ደግሞ ዳሽቦርዱን ትተው ከአንድ ማደያ ሞልተው፣ ማይሉን በስልካቸው ጂፒኤስ እየለኩ እንዲያወዳድሩ ነገርናቸው። አፕሪል ላይ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ 50 ገብቷል ብለው መጡ። ጎማውንም ወደዱት፤ ወረፋ ላይ ለሰው ሁሉ እያወሩ ነው አሉ። ነፋሱን ስለካው 38 አነበብኩ።

"ጋሼ፣ 35 አላልንም?"

"አንተ ስለ 42 ነው የጨቀጨቅከኝ፤ ስለ 38 ምንም አላልክም" ብለውኝ ሄዱ።