ሸንኮራው ከተቆረጠ ስንት ቀኑ ነው?

ኮምቦልቻ ላይ የሸንኮራ ጭማቂ መሸጥ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ ጠባብ ናት። አንድ መጭመቂያ ማሽን፣ አንድ ፍሪጅ፣ ስድስት ወንበር። ዝንጅብልና ሎሚ ጨምሬ እጨምቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲከር ሰው ይበዛል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ለኢፍጣር በጠርሙስ እየተሞላ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሸንኮራ ገዝቶ ለሚጨምቅም፣ ለሚቸረችርም፣ ለሚያመርትም ይጠቅማል ብዬ ነው። እኔ በኪሳራ ነው የተማርኩት። ሌላው ሰው ሳይከስር ቢማረው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ነጋዴ በአይሱዙ ሸንኮራ ይዞ መጣ። ብዙ ከወሰድክ ዋጋውን አስተካክልልሃለሁ አለኝ። 60 እስር አወረድኩ። አገዳው ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮውን አስደግፌ ደረደርኩት። ከሰዓት ፀሐይ እዚያ ጋ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም።

ሁለት ቀን ጥሩ ሄደ። ገበያውም ደራ። በአራተኛው ቀን አመሻሹ ላይ ጭማቂውን ከጆግ ወደ ጠርሙስ ሳንቆረቁር አወራረዱ ልክ አልመጣልህ አለኝ። እንደ ውኃ ቶሎ አይቆረጥም። ክር እየሠራ ይወርዳል። ልክ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ቀምሼ ላየው አልቻልኩም፣ ጾም ነበርኩ። በረዶ ጨምሬበት ሸጥኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከመግሪብ በኋላ የሰፈራችን አንዲት እናት ጠርሙሱን ይዘው ተመለሱ። አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ጠላ ጠላ ይሸታል። እኛ ደግሞ ጾመኛ ነን። እስቲ እየው» አሉኝ። ከፍቼ አሸተትኩት። እውነታቸውን ነው፤ መፍላት ጀምሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ገንዘባቸውን መለስኩ። በማግሥቱ ለመጣ ሁሉ መለስኩ። የተረፈውን አገዳ ለከብት ሰጠሁ።

የአክስቴ ልጅ በአንድ ስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። በዚያው ሌሊት ከሱሁር በፊት ደወልኩለት። የሆነውን ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ከተቆረጠ ስንት ቀኑ ነው?»

«አራት ቀን።»

«አንተ ጋ ከደረሰ ነው ወይስ ከተቆረጠ?»

መልስ አልነበረኝም። ነጋዴውን አልጠየቅኩትም። ነጋዴውም ምናልባት ራሱ አልጠየቀም ይሆናል።

«አብሽር» አለኝና ማስረዳት ጀመረ። ሸንኮራ ቢቆረጥም ወዲያው አይሞትም። ይተነፍሳል። ቆሞ ሳለ ቅጠሉ ስኳር እየሠራ ይልክለታል። ከተቆረጠ በኋላ ግን ገቢ የለውም፣ ወጪ ብቻ ነው። ከራሱ ስኳር እየበላ ይቆያል። ውስጡ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። እሱ ሱክሮስን፣ ማለትም እኛ ስኳር የምንለውን፣ ለሁለት ይሰብረዋል። አንዱ ግሉኮስ ይሆናል፣ ሌላው ፍሩክቶስ። ለፋብሪካ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ግሉኮስና ፍሩክቶስ እንደ ሱክሮስ ጠጥረው የስኳር ፍሬ አይሆኑም፤ ከሞላሰሱ፣ ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ፣ ጋር ይወጣሉ። ጭራሽ አብሯቸው የሚቀር ሱክሮስም አለ።

ሁለተኛው ጠላት ከውጭ የሚገባው ነው። ሉኮኖስቶክ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አፈሩም ላይ አገዳውም ላይ ይኖራል። ገጀራው ያረፈበት፣ የተሰነጠቀና ትል የበሳው ቦታ ሁሉ መግቢያው ነው። ስኳሩን እየበላ ዴክስትራን የሚባል ሙጫ መሳይ ነገር ይሠራል። «ያ ተልባ ያልከኝ እሱ ነው» አለኝ። ፋብሪካ ውስጥም ዴክስትራን የበዛበት ጭማቂ ወፍሮ ያስቸግራል፣ ማጣራቱንና ማፍላቱን ያጓትታል፣ የስኳሩንም ፍሬ ቅርጽ ያበላሻል። ከዚያ እርሾ ይከተላል። የአልኮል ሽታው የመጣው ከእርሾው ነው።

እዚህ ላይ የኔን ሐሳብ ላክል። የፋብሪካ ኪሳራና የጭማቂ ቤት ኪሳራ አንድ አይደሉም። ሱክሮሱ ቢሰበር ደንበኛዬ ምላስ ላይ ያው ጣፋጭ ነው። እኔን የሚጥለኝ ባክቴሪያውና እርሾው ነው፤ ቀጥሎ የክብደት መቀነሱ። ግን ሦስቱም የሚነሱት ከአንድ ሰዓት ነው፤ ገጀራው አገዳውን ካገኘበት ሰዓት። ስለዚህ ፋብሪካው የሚፈራውን ለእኔም መፍራት ይበጀኛል ብዬ ወሰንኩ።

ከዚያ በፊት ራሴን ያታለልኩበትን ነገርም ልናገር። ጭማቂ ውስጥ የሟሟውን መጠን፣ ብሪክስ የሚባለውን፣ የምትለካ ሪፍራክቶሜትር የምትባል መሣሪያ ነበረችኝ። ሁለት ጠብታ ታደርጉባታላችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ታያላችሁ፣ ቁጥሩን ታነባላችሁ። የቆየው አገዳ ከአዲሱ የበለጠ ቁጥር ያሳየኝ ነበር። እኔም «እያደር ይጣፍጣል» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ መዝነው» አለኝ።

መዘንኩት። ከረመዳን በኋላ ወደ ሐርቡ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የቦርከና ወንዝ በዚያ ያልፋል፣ ቆላውም ለሸንኮራ ይመቻል። (ቦርከና ወርዶ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ አፋር ወርዶ ለሸንኮራ ተብሎ የተዘረጋውን የተንዳሆ እርሻ ያጠጣል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ወንዙን በሌላ ዓይን ነው የማየው።) በመስኖ የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ እላቸዋለሁ። ማሳቸው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ወፍራሙ ቀይ፣ ነጩ፣ እና አንድ ቀጠን ያለ ጠንካራ አገዳ። ጠንካራው ከፋብሪካ አካባቢ የመጣ ነው ይላሉ። የሚያኝከው ሰው ስለሌለ ዳር ላይ ለአጥር ያህል የተተወ ነው።

በአንድ ጠዋት ሦስቱንም ቆረጥን። ከየዓይነቱ አሥር አሥር አገዳ ለፀሐይ፣ አሥር አሥር ደግሞ ለጥላ አሰርኩ። የጥላውን በራሱ ደረቅ ቅጠል ሸፍኜ ጠዋትና ማታ ውኃ እረጨው ነበር። በየማታው እመዝናለሁ። የፀሐዩ ቀይ አገዳ 14 ኪሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን 12 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነ። ብሪክሱ ግን ከ18 ወደ 19.5 ወጥቷል። አሁን ገባኝ። ውኃው እየወጣ ነው። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን ጣዕሙ ይጠነክራል፣ ሥጋው ግን አልጨመረም። ብሪክስ ሱክሮሱን ለይቶ አያይም። ጭማቂው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው፤ የተሰበረውንም፣ ያልተሰበረውንም።

የተሰበረውን ለማየት እህቴ ረዳችኝ። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። የሽንት ስኳር መመርመሪያ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ግሉኮስን እንጂ ሱክሮስን አያውቅም፤ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ስኒ ጭማቂ በዘጠኝ ስኒ ውኃ አቀጠንኩና ነከርኩት። በተቆረጠ ቀን ሦስቱም ጋ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በአምስተኛው ቀን የፀሐዩ ቀይ አገዳ ወረቀቱን በግልጽ አጠቆረው። ነጩ መሃል ላይ ነበር። ጥላ ውስጥ የቆየው ጠንካራው ግን ለውጡ በጭንቅ ነው የሚታየው። ክብደቱም ከ9 ኪሎ ወደ 8 ኪሎ ከ700 ግራም ነው የወረደው።

ይህ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም። በአንድ ማሳ፣ በአንድ ሳምንት ያየሁት ነው። ግን የአክስቴ ልጅ ከነገረኝ ጋር ገጠመልኝ። ፋብሪካዎች ጋ አገዳ በቁጥር ነው የሚጠራው። ኤንሲኦ 334 አለ፤ ሕንድ ኮይምባቶር ተዳቅሎ ደቡብ አፍሪካ ናታል ላይ የተመረጠ ነው። ቢ 52-298 አለ፤ ቢው ባርቤዶስ ማለት ነው። ዝርያ ሲመረጥ ምርቱና ስኳሩ ብቻ ሳይሆን ከተቆረጠ በኋላ ምን ያህል ይታገሣል የሚለውም መጠየቅ አለበት ይላል። ልጣጩ ጠንካራ የሆነና ቃጫው የበዛ አገዳ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ልጣጩ ላይ በጣት ሲፈገፍጉት የሚለቅ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ሰም ነው። ውኃው እንዳይወጣ ይከላከላል። እኔ ድሮ አገዳው እንዲያበራልኝ ብዬ ገና ሳይጨመቅ በጨርቅ እወለውለው ነበር። አሁን እጄን አላሳርፍበትም።

ፋብሪካ ጋ የሚሠራበትም ፍጥነት ገርሞኛል። ማሳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ለቆራጩ እንዲቀለው ነው። እሳቱ ግን ልጣጩን ይሰነጥቃል፣ ሰሙን ያቀልጣል። ስለዚህ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእሳቱ ጀምሮ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ወፍጮ ቢገባ ነው የሚፈለገው። እኔ ደግሞ መቼ እንደተቆረጠ የማላውቀውን አገዳ ፀሐይ ላይ አራት ቀን አቆምኩት።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ከመንገድ ነጋዴ መግዛት ትቻለሁ። ሐጂ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ያስቆርጣሉ፣ በረመዳን ደግሞ በየሁለት ቀኑ። እስሩ ላይ የፌስታል ቁራጭ ይታሰራል፤ የሰኞው ነጭ፣ የሐሙሱ ጥቁር። ማሽኑ ጋ ያለው ልጅ ሳይጠይቀኝ የትኛው መቅደም እንዳለበት ያውቃል። ጫፉ እዚያው ማሳ ላይ ይጣላል፤ ገና ያልበሰለ ስለሆነ ስኳሩ ትንሽ፣ ኢንቨርቴዙ ብዙ ነው። አገዳው ለጭነት ተብሎ ለሁለት አይቆረጥም። ድሮ ባጃጅ ላይ እንዲገባልን እንቆርጠው ነበር። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት አፍ አለው፣ ባክቴሪያው በሁለቱም ይገባል። አሁን ሙሉውን አመጣለሁ። ልጨምቅ ስል ከሁለቱም ጫፍ አራት ጣት ያህል እጥላለሁ። የተቆረጠው ፊት ነጭ ካልሆነና መሃሉ ቀላ ካለ ያንን አገዳ አልጨምቀውም። ያ ቅላት ብዙ ጊዜ ማሳ ላይ ሳለ የጀመረ በሽታ ነው።

ቤት ሲደርስ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጣል። ሽፋኑ ላይ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። እርጥበቱን ይይዝልኛል ብዬ በላስቲክ ጠቀለልኩት። በሁለተኛው ቀን ስገልጠው እንፋሎት ወጣ፣ አንጓዎቹ ላይ ሻጋታ ወጥቶ ነበር። ደረቅ ቅጠሉ ይሻላል፤ ያቀዘቅዛል፣ አየርም ያስገባል። ውኃ ርጩ፣ አታንቧቹ።

ማሽኑንም አትርሱ። ትኩስ አገዳ ጨምቄም ዝልግልግ ያለኝ ቀን ነበር። ፈትቼ ሳየው ከጥርሱ ሥር የትናንቱ ቃጫ ተጣብቆ፣ ላዩ እንደ ንፍጥ ሆኖ አገኘሁት። ያ ማለት በየጠዋቱ አዲሱ ጭማቂ ላይ ባክቴሪያ እየነሰነስኩ ነበር። አሁን ማታ ማታ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪና በተበጠበጠበት ውኃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ። ጠዋት ሥራ ሲጀመርም እንደገና በውኃ ይለቀለቃል።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ለሐጂ ከገበያው ዋጋ ጨምሬ ነው የምከፍለው፤ ጠዋት ማስቆረጡና በሳምንት ሁለቴ ሰው ማሰማራቱ ለእሳቸው ድካም ነው። ግን የሚጣል አገዳ ስለቀነሰልኝ ጭማሪውን ችዬዋለሁ። እሳቸውም ይጠቀማሉ። ድሮ ነጋዴ ዘግይቶ ይመጣና «ደርቋል» ብሎ ዋጋ ይሰብርባቸው ነበር። አሁን እኔ ካልደወልኩ አይቆረጥም። አገዳ ከማሳው የተሻለ መጋዘን የለውም። ከልኩ ካለፈ ግን ቆሞም ስኳሩን ያጣል፣ መሃሉም ይቦረቡራል። ስለዚህ የትኛው መስመር መቼ እንደሚደርስ ከእሳቸው ጋር እየተማከርን ነው የምንቆርጠው።

የቀረን የዝርያው ነገር ነው። ቀዩ ጭማቂው ብዙ ነው፣ ቀለሙም ያምራል፣ ሰውም ይወደዋል። በሦስተኛው ቀን ግን አላምነውም። ጠንካራው ይቆያል፤ ነገር ግን ማሽኑን ያስጨንቃል፣ ጭማቂውም ያንሳል። ለሐሙስ የሚቆረጠው ጠንካራው ቢሆንና እሑድን ቢያሻግረኝ፣ ቀዩን በዕለቱና በማግሥቱ ብቻ ብጨርሰው ብዬ አስቤ ለሐጂ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ለአጥር የተውኩት አገዳ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። ዘንድሮ ግን ከቦዩ አጠገብ ሦስት መስመር ተክለውልኛል። ለመቆረጥ ከዓመት በላይ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ጉልበቴ ጋ ደርሷል።