ከዝናብ ማግስት ጅረቷን ተከትሎ

ከሰፈሩ ጀርባ በምትወርደው ጅረት ዳር ቆሻሻ እየለቀሙ ለመሄድ ከዝናብ ማግስት የተሻለ ቀን የለም። ጭቃው ያስቸግራል፤ ግን ጎርፉ ያመጣው ሁሉ ገና ሳር ሳይውጠው ይገኛል። ወፍራም ጓንት አጠለቅሁ፣ ረጅም መቆንጠጫ ያዝኩ፣ ባዶ ማዳበሪያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ማዳበሪያ ከፌስታል ይሻላል። እሾህ ቶሎ አይቀደውም፣ ውሃውንም ያንጠፈጥፋል።

የምጀምረው መንገዱ ስር ካለው ትልቅ ቱቦ አፍ ነው። ብዙ ሰው ጅረት ዳር ያለው ቆሻሻ በሙሉ እዚያው የተዝናና ሰው የጣለው ይመስለዋል። እንደዚያ የሆነም አለ። ሌላው ግን ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው። አንዱ አውቶቡስ ሲጠብቅ የወረወረውን የሲጋራ ቁራጭ ዝናብ ጠርጎ አስፋልት ዳር ወዳለው የጎርፍ መውረጃ ይከተዋል። በብዙ ከተሞች የጎርፍ መስመር ከፍሳሽ መስመር የተለየ ነው። ማጣሪያ ጣቢያ ሳይደርስ በቀጥታ ጅረት ውስጥ ይዘረገፋል። ስለዚህ ቱቦው አፍ ላይ የምለቅመው ጅረቷን አይቷት የማያውቅ ሰው የጣለውን ጭምር ነው።

የሲጋራ ቁራጩ እዚህ ጋ ለጉድ ነው። ወረቀት ይመስላል እንጂ ማጣሪያው ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ቴክሳስ ውስጥ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የባህር ዳርቻ ጽዳት ላይ ለብዙ ዓመታት በቁጥር አንደኛ ሆኖ የተለቀመውም ይኸው ቁራጭ ነበር። አንድ በአንድ ሲያነሱት ወገብ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስዊድን ውስጥ ለቀማን ከሩጫ ጋር ያጋቡ ሰዎች ተነስተው ነበር፤ ልማዱ ብዙ አገር ደርሷል። ይቅናቸው። እኔ እየሮጥኩ ቁራጭ አይታየኝም።

ትንሽ ዝቅ ሲባል ጅረቷን አቋርጦ የወደቀ ዛፍ አለ። የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ እዚያ ይታገታል፦ የውሃ ፕላስቲክ፣ ኳስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ነጭ ፎም። ፎሙን የፈለሰፈው ሰው አንድ ጠዋት እዚህ መጥቶ ቢለቅመው ደስ ይለኝ ነበር። ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው እያነሰ ሄዶ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፣ ያኔ ማን ይለቅመዋል? ስለዚህ ትልቁን ቶሎ ነው ማንሳት።

ዛፉን ግን አልነካውም። ጽዳት ሲባል ግንዱንም ቅጠሉንም ጠራርገው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። ግንዱ ለዓሣ መደበቂያ ነው። የረገፈው ቅጠል ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት ምግብ ነው።

ከዛፉ በኋላ ቀና ብሎ መሄድ ነው። ከራሴ በላይ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ፌስታሎች አሉ። ማንም ወጥቶ አልሰቀላቸውም፤ ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ ነው የሚያሳዩት። ያቺ አሁን ቁርጭምጭሚት የማትሞላ ውሃ!

እዚያ ጋ ውሻ ይዘው የሚሄዱ አዛውንት አገኘሁ።

«ልጄ፣ ለማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው?»

«አይ አባቴ፣ እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ከሆነ እንግዲህ ና ላሳይህ» አሉና ወደ ሸምበቆው ወሰዱኝ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ተጠላልፎ ቀርቷል። የወፍ እግር የሚይዘው ይሄ ነው፤ ሲታገሉ ይብስ ይጠብቃል። በመቀስ እየቆራረጥኩ ብዙ ቆየሁ፤ እሳቸውም በከዘራቸው ሸምበቆውን ገፋ አድርገው ያዙልኝ።

ሸምበቆው ስር የብርጭቆ ጠርሙስም ነበር። ጠርሙስ ዝም ብሎ ማዳበሪያ ውስጥ አይጨመርም። ትናንሽ እንስሳት ገብተው መውጣት ያቅታቸዋልና መጀመሪያ ውስጡን አያለሁ፣ ቀስ ብዬም አዘነብለዋለሁ። ባዶ ነበር። መርፌ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ የያዘ ጀሪካን ካጋጠመ ግን ጀግንነት አያስፈልግም። አልነካም፤ ቦታውን ልብ ብዬ ለሚመለከተው ክፍል እደውላለሁ።

ማዳበሪያው የሞላው መታጠፊያው ላይ ስደርስ ነው። እዚያ ግማሹ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የመኪና ጎማ አለ። ለብቻ አይሞከርም፤ አካፋና ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋል። አዛውንቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። አካፋው ከእኔ ነው።