«አዎ» ለየትኛው ጥያቄ?

ዛሬ በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አንዲት «አዎ» ብዙ ሰው አስቀየመች። ጠዋት ሁለት ጥያቄ ተከታትሎ መጣ። «ድንኳኑ ዛሬ ይነሳ?» የሚለው ቀደመ። ወዲያው «ማታ ለቅሶ ቤት እንሂድ?» ተባለ። አንድ ጎረቤታችን ከታች «አዎ» ብለው ጻፉ። የመለሱት ለሁለተኛው ነበር። ልጆቹ ግን ድንኳኑን ሊነቅሉ ሄዱ። ቤተሰቡ ገና ለቅሶ ደራሽ እየተቀበለ ነው! በጣም አዘንኩ። ማንም ክፉ አላሰበም።

ጥያቄውን በጣት ወደ ግራ ሳብ አድርጎ መመለስ ይበቃ ነበር። መልሱ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ ይወጣል። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ቴሌግራም የምንፈልገውን ዓረፍተ ነገር ብቻ መርጠን እንድንጠቅስ ያስችላል።

ስትጠቅሱ ግን እባካችሁ የሰው ቃል አትቁረጡ። «ካልተሻለኝ አልመጣም» ካለ ሰው አፍ «አልመጣም»ን ብቻ መዝዞ መውቀስ ግፍ ነው። በእኔም ደርሷል፤ ያማል።

ማታ ለቅሶ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናትየው «ምንም አይደል ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» ብለው ቡና አስቀረቡልን። ድንኳኑ እስከ ነገ ይቆያል።