ኮብልስቶን ንቄ መጥቼ ድንጋይ አስታማሚ ሆንኩ

ባለፈው እሑድ የድሮ የዶርም ልጆች በቪዲዮ ደወሉልኝ። አንዱ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ፣ "ከኋላህ ያ መስታወት ውስጥ ያለው ምንድነው?" አለ።

"ድንጋይ ነው።"

"ዓሣውስ?"

"ዓሣ የለውም። ለጊዜው ድንጋይ ነው የማሳድገው።"

ሳቃቸው እስኪበርድ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሻይ ጣድኩ። ስመለስ፣ "ከእንጦጦ ጥሩ ጥሩ ድንጋይ መርጠን እንላክልህ?" እያሉ ነው። ይሁን፣ ሳቁ። ታሪኩን ግን ከኔ ስሙት።

ባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ሳጣ የሰፈሬ ልጆች ተደራጅተው ኮብልስቶን ያነጥፉ ነበር። "ና ተመዝገብ" አሉኝ። "ዲግሪ ይዤ ድንጋይ?" ብዬ አኮረፍኩ። ዲቪ ደረሰኝና አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቋሚ ሥራ የጨው ውሃ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። የተመደብኩት የት መሰላችሁ? ድንጋይ ላይ።

ላይቭ ሮክ ይሉታል፤ ሕያው ድንጋይ። ድንጋዩማ የሞተ ኮራል አጽም ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ነፍሱም ያለችው እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ ውሃውን ይመርዘዋል። ድንጋዩ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ናይትሬት ያደርጉታል። ኦክስጅን የማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ያሉት ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ይሸኙታል። ይህን ዑደት ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬ፣ ፈተና ላይ ከነቀስቱ ስዬ ኤ አግኝቼበታለሁ። ኤዋን ያዙልኝ።

በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ከፍሎሪዳ ካርቶን መጣ። እዚያ ድንጋይ ያርሳሉ ብላችሁ ታምናላችሁ? ከባሕር የተፈጥሮውን መልቀም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለተከለከለ፣ ደረቅ የኖራ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ያፈስሳሉ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሕይወት ሲለብስ ያወጡታል። ያ ካርቶን ሲከፈት ግን ሕይወት ሕይወት አላለኝም። በክረምት በቄራ ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። መንገድ ላይ የሞተ ነገር ተጣብቆበታል፤ ዝልግልግ ይላል።

አለቃዬ "እነዚህን አጽዳልኝ" አለና ወጣ።

እኛ ቤት ማጽዳት አንድ ትርጉም ነው ያለው። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የቧንቧ ሙቅ ውሃ፣ በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽ። ሦስት ሰዓት ፈተግኩ። ከቀዳዳው ትል ብቅ ሲል "ጭራሽ ትልም አለበት!" ብዬ በረኪናውን ደገምኩለት። ላዩ ላይ ወይን ጠጅ ልባስ ነበረው፤ እሱንም ቆሻሻ ነው ብዬ ፍቄ ጨረስኩ። 40 ፓውንድ ድንጋይ፣ 18 ኪሎ ገደማ፣ የጥምቀት ነጠላ መሰለ። ደርድሬ አጠገቡ ቆምኩ። ምስጋና እየጠበቅኩ፣ እግዜር ያሳያችሁ።

አለቃዬ መጣ። ድንጋዩን አየ። እኔን አየ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ "ኮሌጅ ያጠናኸው ምን ነበር ያልከኝ?" አለ።

"ባዮሎጂ" የምትለው ቃል እንደዚያ ቀን ከብዳኝ አታውቅም። ኤ ያገኘሁባቸውን ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ በበረኪና ጨርሻቸዋለሁ።

ከደመወዜ አልቆረጠም። በማግስቱ ግን ከመታጠቢያው በላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የብሩሽ ሥዕል፣ በላዩ ቀይ መስቀል፣ ከሥሩ "ድንጋይ አይታጠብም"። ስሜ የለበትም። ሠራተኞቹ ሦስት ነን፤ ሁለቱ እዚያው ሱቅ ያረጁ ናቸው። የማን ማስታወቂያ እንደሆነ ፖስተኛው ሳይቀር ያውቃል። እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ለካ ማጽዳት ማለት የሞተውን ለይቶ በእጅ መልቀም፣ በጨው ውሃ ለቅለቅ ማድረግ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋና አሞኒያው ዜሮ እስኪገባ ለሳምንታት ጨለማ በርሜል ውስጥ ማስታመም ነው። ደግነቱ አልቀቀልኩትም። አንዳንድ ድንጋይ ላይ የሚበቅል የኮራል ዘመድ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። በእንፋሎት ከወጣ ለሰውም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ የቤታቸውን ገንዳ ኮራል ሲያጸዱ በዚህ መርዝ ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ "በረኪና ብቻ" እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ማታ እማዬጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ድንጋይ አጥቤ አለቃዬን አስቀየምኩት።"

"ድንጋይ መታጠቡ ምን ያስቀይመዋል?"

"ውስጡ ነፍስ ያለው ነገር አለ። ከሱ ትንሽ ቁራጭ ደረቁ ድንጋይ መሐል ሲያስቀምጡት እየተዛመተ ደረቁንም ሕያው ያደርገዋል።"

ትንሽ ዝም አለች። "እርሾ ነው በለኛ!"

"አዎ፣ እንደሱ በይው።"

"እና አንተ እርሾውን በበረኪና አጠብከው? ወይኔ ልጄን! ቡሃቃ አጠገብ ያሳደግኩህ በከንቱ ነው!"

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን እናቴ በአንዲት ቃል ጨረሰችው። እውነትም እርሾ ነው። የገደልኩትን ድንጋይ በረኪናው እስኪለቀው ዘፍዝፈን፣ አድርቀን፣ አዲስ የጨው ውሃ ውስጥ ከትተን፣ መሐሉ ጡጫ የምታክል ሕያው ድንጋይ ጣልንበት። ከዚያ መጠበቅ ነው። አሞኒያው እስኪወርድ ሳምንታት፣ ያ ቆሻሻ ነው ብዬ የፋቅኩት ወይን ጠጅ አልጌ እስኪመለስ ወራት። አለቃዬ ከሟቾቹ አንዱን "ውሰደውና ራስህ አስነሣው" ብሎ ሰጠኝ። ልጆቹ የሳቁበት እሱ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ለጉድ ናቸው። የጎረቤታቸውን ስም አያውቁም፤ ለእፍኝ አሸዋና ለቁራጭ ድንጋይ ግን 50 ማይል ነድተው ይመጣሉ። እኛ እርሾ ሲያልቅብን ኩባያ ይዘን አጥር እንደምንሻገረው ማለት ነው። ከሰው እርሾ ጋር ሻጋታ እንደሚመጣ፣ ከሰው ድንጋይ ጋርም አይፕቴዥያ የሚባል ተናዳፊ፣ አረም መሳይ እንስሳ ይመጣል። አንዴ ከገባ መከራ ነው።

ውሃውንስ ብትሉ! እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ መጥታ ሮቶ ስትሞላ እልል ይባላል። እዚህ የሚጠጣው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ክሎራሚን አለበት ተብሎ ይናቃል። በማጣሪያ ምንም እስከማይቀርበት ያጣሩታል። ከዚያ? መልሰው በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይጨምሩበታል! የጨው ባልዲው ላይ "ቀይ ባሕር" የሚል ስም ተጽፏል። እኔ ቀይ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። መጀመሪያ የነካሁት የባሕር ውሃም በባልዲ የበጠበጥኩት ነው። አንዳንድ ማታ ብቻዬን ሳማስል ያቺን ጽሑፍ አይቼ ሆዴ ይባባል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

ዲቪ የደረሳችሁ ልጆች፣ ከዲግሪያችሁ ጋር አፋችሁንም ይዛችሁ ኑ። እኛ አገር አለቃን "እንዴት?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት ወይም ደደብነት ነው። እዚህ አለመጠየቅ ነው የሚያስከፍለው። "አጽዳ" ስትባሉ "በምን?" በሉ። "ገብቶኛል" የምትባለዋን ቃል ቦሌ ጥላችኋት ተሳፈሩ። ሥራ አልንቅም የሚለውንም እዚያው ተለማመዱት፤ እዚህ በግድ ነው የሚያስለምዷችሁ። ደግሞ "እንጦጦ ድንጋይ እንላክልህ" ያለኝ ልጅ ያኔ ኮብልስቶን የተመዘገበው ነው። ዛሬ ሁለት ሲኖትራክ አለው። እኔ አንድ ድንጋይ።

እማዬ በየሳምንቱ "ኩፍ አለ?" ትለኛለች። እሑድ ልጆቹ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ተበሳጭቼ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። በግራ ጎኑ፣ ከታች፣ ሳንቲም የማታክል ወይን ጠጅ ነጥብ አየሁ። መብራት አብርቼ ደጋግሜ አየሁት። እውነት ነው። ፎቶ አንስቼ ወዲያው ለእማዬ ላክሁላት።

"ውይ፣ ሻገተብህ እንዴ?" ብላ መለሰችልኝ።