ከጠጣሩ ንብርብር በታች፦ የሩዝ ማሳ አፈርን እንዴት እንደመደብኩ

በረባዳ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ የሩዝ ማሳዎች ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የተቦካ ግራጫ ጭቃ ነው። ስለዚህ ጉድጓዶቹን ከተፋሰሱ ዳርቻ እስከ መሃሉ ረባዳ ድረስ በአንድ መስመር አስቆፈርኩ። የመረጥኩት ጊዜ ሩዙ ታጭዶ ውኃው የሸሸበት፣ አፈሩ ግን ገና ያልደረቀበት ነበር።

መጀመሪያ የምፈልገው ጠጣሩን ንብርብር ነው። ማሳው ውኃ እንደያዘ ዓመት በዓመት ሲታረስ፣ ከለሰለሰው ጭቃ ሥር የተጠቀጠቀ ንብርብር ይፈጠራል። ቢላዋ ሲወጋበት ይታወቃል፤ ለምደባ ግን መለካት አለበት። በዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ሥርዓት የዚህ ንብርብር እፍጋት ከላዩ ጭቃ ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት። ከሁለቱም በብረት ቀለበት ናሙና ወስጄ፣ አድርቄ መዘንኩ።

ዋናው ነገር የተገኘው ከዚያ በታች ነው። በዳርቻው ከጠጣሩ ንብርብር ሥር ያለው አፈር ቡናማ ነው። የዝገት ነጠብጣቦች አሉበት፤ ዝቅ ሲል ደግሞ የማንጋኒዝ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ኦክስጅን ባጣው ጭቃ ውስጥ የሟሟው ብረትና ማንጋኒዝ ወደ ታች ሰርጎ አየር ያገኘበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ማንጋኒዝ ቶሎ ስለሚሟሟና ዘግይቶ ስለሚረጋ ከብረቱ አልፎ ይወርዳል። በረባዳው ግን ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ግራጫው እየጠነከረ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የመጀመሪያውን ያራሰው ሰው የለቀቀበት ውኃ ነው፤ ሁለተኛውን የከርሰ ምድር ውኃ። የአሜሪካው የአፈር ምደባ ሥርዓት ከላይ የረጠበውን ኤፒአኩዌፕት፣ ከሥር የረጠበውን ኢንዶአኩዌፕት ብሎ በስም ይለያቸዋል። ይህን እወድለታለሁ።

በቀለም ብቻ ግን አልወሰንኩም፤ ግራጫው የድሮ ርጥበት ቅሪት ሊሆን ይችላልና። አዲስ በተሰበረ ጓል ላይ ዳይፒሪዲል፣ ማለትም የሟሟ ብረት ሲያገኝ የሚቀላ ኬሚካል፣ ሲንጠባጠብ ወደ ቀይ ከተለወጠ አፈሩ በዚያች ሰዓት ኦክስጅን የለውም ማለት ነው። ጓሉ አየር ከመምታቱ በፊት መሞከር ስላለበት ፎቶ ማንሳቱን ለኋላ አቆየሁት።

የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤችን ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ማሳው ውኃ እንደያዘ እዚያው፣ ናሙናው ደርቆ ደግሞ በላቦራቶሪ። አሲዳማ አፈር በውኃ ሲሸፈን ብረቱ የሃይድሮጅን አዮኖችን ስለሚወስድ ፒኤቹ ይጨምራል። አልካላይ የሆነው ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ይቀንሳል። ሁለቱም ወደ 7 ይጠጋሉ፤ ስለዚህ የደረቀው ናሙና ቁጥር ሩዙ የሚያድግበትን አፈር አይገልጽም።

ስም ወደ መስጠቱ ስገባ ቅደም ተከተሉን ጠበቅሁ። በዓለም አቀፉ ሥርዓት የመለያ ቁልፍ አፈሩ መጀመሪያ ያሟላውን ስም ይይዛል፤ አንትሮሶል (ሰው የለወጠው አፈር) ከቨርቲሶል (ከሚሰነጠቅ ሸክላ)፣ ቨርቲሶልም ከግላይሶል (የከርሰ ምድር ውኃ ከሚያርሰው አፈር) ይቀድማል። የቦካው ንብርብር ከነጠጣሩ፣ ከሥሩም የብረትና የማንጋኒዝ ምልክት ያለው ንብርብር አንድ ላይ 50 ሳንቲሜትር ሲሞሉ ሃይድራግሪክ አንትሮሶል (በውኃ እርሻ የተለወጠ አፈር) አልኳቸው። የዳርቻው እንዲህ ሆነ። ከርሰ ምድር ውኃው የማይሸሽበት ረባዳ ግላይሶል ሲሆን፣ ሲደርቅ በሰፊው የሚሰነጠቀውና ከውስጥ የሚያብለጨልጭ የመንሸራተት ገጽ ያለው ሸክላ ወደ ቨርቲሶል ሄደ።

ስሞቹ ብቻ ለገበሬ ብዙ አይጠቅሙም። በካርታው መግለጫ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የውኃውን ምንጭ ጻፍኩ። በዳርቻው ጠጣሩን ንብርብር በጥልቅ እርሻ መስበር ውኃውን ያሰርጋል። በረባዳው የዚንክ እጥረት መከታተልና ናይትሬት ያለበትን ማዳበሪያ መተው፣ ዩሪያንም ጭቃው ውስጥ መቅበር ይሻላል።