ከቤት ስሠራ ካምፓኒዬ የሚከፍለኝ

ለንደን ውስጥ በስልክና በቪዲዮ አስተረጉማለሁ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ። የምሠራው በራሴ ሊሚትድ ካምፓኒ ነው። ዳይሬክተሩም ብቸኛ ባለአክሲዮኑም እኔው ነኝ። ቢሮዬ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ናት። ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ከዚህ ወጪ የተወሰነውን ካምፓኒው እንዲችልልኝ ፈለግኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተሳሳትኩ። የጠየቅኩት ካምፓኒ ሳይከፍት በግሉ የሚሠራ ጓደኛዬን ነበር። እሱ ኪራዩን፣ ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለውን የካውንስል ታክስና መብራቱን በክፍሎቹ ብዛትና በሥራ ሰዓቱ ልክ አካፍሎ ከገቢው ይቀንሳል። ለሱ ትክክል ነው። እኔም አንድ አምስተኛውን አስልቼ የካምፓኒው ወጪ ውስጥ ጻፍኩት። አልፌ ተርፌም የጋዙን ሂሳብ በካምፓኒው ካርድ መክፈል ጀመርኩ።

አካውንታንቴ መዝገቡን ስታይ ደወለችልኝ።

«የጋዙ ውል በማን ስም ነው?»

«በኔ።»

«እንግዲያው ካምፓኒው የከፈለው ያንቺን የግል ዕዳ ነው። እንዲህ ከተውነው እንደ ደሞዝ ታክስ ይጠየቅበታል።»

ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። በሕግ ፊት ካምፓኒዬ ሌላ ሰው ነው። ገንዘቡ ከሱ ወደኔ ሲመጣ ደሞዝ፣ የትርፍ ድርሻ፣ ብድር ወይም የወጪ ክፍያ ተብሎ ስም ሊኖረው ይገባል። ደግነቱ ዓመቱ ሳይዘጋ ደረስንበት። የኪራዩን ድርሻ ከመዝገቡ አወጣነው። የጋዙን ከካምፓኒው እንደተበደርኩት ጻፍነውና ከኪሴ መለስኩት።

አሁን የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። በእንግሊዝ የታክስ መሥሪያ ቤት በኤችኤምአርሲ ደንብ ካምፓኒ ከቤት ለሚሠራ ሠራተኛው፣ ዳይሬክተሩንም ጨምሮ፣ በሳምንት 6 ፓውንድ ያለ ደረሰኝ መክፈል ይችላል። እስከ ኤፕሪል 2020 ድረስ 4 ፓውንድ ነበር። በወር 26፣ በዓመት 312 ፓውንድ ይሆናል። እኔ ጋ ሲደርስ ታክስም፣ ከደሞዝ የሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ (ናሽናል ኢንሹራንስ)ም የለበትም። ለካምፓኒው ደግሞ ወጪ ነው። ትርፌ ከ50,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ ካምፓኒው ከትርፉ የሚከፍለው ኮርፖሬሽን ታክስ 19 በመቶ ነው፤ በዚህ ስሌት 59 ፓውንድ ገደማ ይቀንስልኛል። ብዙ አይደለም፤ ግን 312ቱ ምንም ሳይቆረጥበት እጄ መግባቱን አትርሱ።

ከቤት መሥራቱ ግን አልፎ አልፎ ሳይሆን በስምምነት፣ በመደበኛነት መሆን አለበት። ስለዚህ የትኞቹን ቀናት ከቤት እንደምሠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፌ ፈረምኩበት።

ከ6 ፓውንድ በላይ ለመጠየቅ ሥራው ያመጣውን ጭማሪ በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ኪራይና ካውንስል ታክስ እዚህ አይገቡም፤ ከቤት ባልሠራም እከፍላቸዋለሁና። አንድ ወር ሙሉ ቆጣሪ እያነበብኩ መዘገብኩ። ልዩነቱ ለልፋቱ የሚሆን ስላልነበረ ተውኩት።

ክፍላቸውን ለካምፓኒያቸው የሚያከራዩም አሉ። ይቻላል፤ ኪራዩ ግን የግል ገቢ ሆኖ በየዓመቱ በሚሞላው የታክስ ቅጽ ላይ ይገባል። እኔ ራሴ ተከራይ ስለሆንኩ አልሞከርኩትም። የቤት ባለቤት ከሆናችሁ ክፍሉን ለሥራ ብቻ አታድርጉት። ቤቱን ስትሸጡ፣ መኖሪያ ቤት በመሆኑ ከምታገኙት የታክስ ነፃነት ላይ ሊቀነስባችሁ ይችላል።

ይበልጥ የጠቀመኝ ዕቃው ነው። ወንበሩን፣ ኮምፒውተሩንና ማዳመጫውን ካምፓኒው ራሱ ገዛ። የሞባይሉንም ውል በካምፓኒው ስም አዞርኩት፤ ለአንድ ሠራተኛ አንድ ስልክ ታክስ አይጠየቅበትም። የቤቱን ኢንተርኔት ግን አልነካሁትም። ማታ ማታ ልጆቹ ናቸው የሚጠቀሙበት።

በየወሩ መጨረሻ 26 ፓውንዱ ከካምፓኒው አካውንት ወደ ግሌ ይተላለፋል፤ ማስታወሻው ላይ «ከቤት ሥራ» ተብሎ። ያቺ የፈረምኩባት ገጽና የባንክ ወረቀቶቹ አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። 6 ዓመት መቀመጥ አለባቸው።